ከኮሶ በኋላ የሚነገር ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ሌላው ልጅ ተረት ሰምቶ ሲተኛ፣ እኔ ተረት ለመስማት ከእንቅልፌ እቀሰቀስ ነበር። ያኔ የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባል ሰፈር፣ ግድግዳው ጣውላ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ጎህ ሊቀድ ጥቂት ሲቀረው የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ አስካለ የእግሬን አውራ ጣት ቆንጠጥ አድርጋ «ተነሺ፣ ሰው መጥቷል» ትለኛለች። ዓይኔን እያሻሸሁ ወደ ግቢው ስወጣ ፋኖሱ በርቶ፣ ከሰል ምድጃው ውስጥ ፍሙ ቀልቶ፣ ከምድጃው አጠገብ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ አገኛለሁ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ማንም ይሁኑ ማን ሁኔታቸው አንድ ነው፤ እንደ ተከሳሽ መሬት መሬቱን ያያሉ። እጃቸው ላይ የቀንድ ዋንጫ፣ ዋንጫው ውስጥ ደግሞ ኮሶ አለ።

ኮሶ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ኮሶንም ወደደም ጠላም ያውቀዋል። አያቴ በባቡር ሥራ ምክንያት ወደዚህ ከተማ ወርዶ ከቀረ ጀምሮ ቤተሰባችን በባሕር ጠረፍ ይኑር እንጂ፣ የፋሲካ ዕለት ቁርጥ ከቀረበ የምንበላው እንደ ደጋ ሰው ነበር። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ታዲያ ከበሉት አንዱ ይመጣና እቴቴን ወደ በሩ ጥግ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ አስካለ፣ ታይቶኛል» ይላታል። ምኑ እንደታየው አይጠየቅም። እሷም «አርብ ና፤ ሐሙስ እራትህን እንዳትበላ» ብላ ታሰናብተዋለች።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ እቴቴ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሴት ነበረች፤ ምስጋና ስትሰጥም ስትቀበልም አይቼ አላውቅም። የኮሶውን ሙያ ከእናቷ ነው የወረሰችው። አበባውን ከደጋ የሚያመጡልን የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲሆኑ፣ አባቴ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ስለሚሠራ ሁሉንም ያውቃቸው ነበር። አንዳንዴ እኔን አስከትሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ከባድ መኪኖች እስከሚያርፉበት እስከ ፔካ 12 ድረስ ሄዶ ይቀበላቸዋል። መኪኖቹ ከተደረደሩበት አቧራና ናፍጣ መካከል አንዱ ሾፌር ከወንበሩ ሥር በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ ያወጣና «ይኸው የእትዬ አስካለ አደራ» ይለዋል። ጋዜጣው ሲፈታ ቀላ ያለ የደረቀ ዘለላ ይወጣል። እቴቴ የምትቀበለው የሴቴውን አበባ ብቻ ነበር፤ ወንዱ ከተቀላቀለበት «ይህን ለፍየል ይስጡት» ብላ ትመልሳለች።

አበባው በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ሐሙስ ማታ በውሃ ይበጠበጥና ተከድኖ ያድራል። መጠኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የሰውየውን አንጓ ጨበጥ፣ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ አድርጋ አይታ ነው የምትለካው፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ግን ቢለምኗት ቢያለቅሱላትም አታጠጣም። ለዚህ ሁሉ ከማንም ምንም አትቀበልም ነበር። «መድኃኒት እሰጣለሁ እንጂ አልቸረችርም» ትላለች።

ከባዱ ነገር ግን መጠጣቱ አልነበረም። ኮሶ ጨክኖ ለቆረጠ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ከባዱ ከወረደ በኋላ መያዙ ነው። ሆድ ይገላበጣል፣ ምራቅ አፍ ይሞላል፣ ላብ ግንባር ላይ ችፍ ይላል፤ ከተመለሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሌላ ቤት ሎሚ ያሸትታሉ፣ ጤና አዳም ያኝካሉ። እቴቴም የሎሚ ልጣጭ ፍሙ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ዋናው መድኃኒቷ ግን ተረት ነበር። ጠጪው ዋንጫውን ባዶ አድርጎ ከንፈሩን እንደገጠመ እሷ ፊት ለፊቱ ትቀመጥና፣ ዓይኑን በዓይኗ ይዛ፣ በዚያ ሻካራ ድምጿ «ተረት ተረት» ትላለች። እሱ አፉን መክፈት ስለማይችል «የላም በረት» ብዬ የምመልስለት እኔ ነበርኩ። ከእንቅልፌ የምቀሰቀሰውም ለዚህ ነው፤ እኔም ሥራዬን እንደ ትልቅ ሹመት አየው ነበር።

የኮሶ ተረት እንደ ሌላው ተረት አይደለም። ጠጪው መሳቅ የለበትም፣ ከሳቀ ይመለስበታል፤ ስለዚህ ተረቱ አያስቅም። መንቀጥቀጥም የለበትም፣ ስለዚህ አያስፈራም። ጀልባና ማዕበል አይነሳበትም። ከሁሉ በላይ ግን በእቴቴ ተረት ውስጥ ማንም ምንም አይበላም ነበር። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ማር እንኳ የለም። ንጉሡ ግብር ሳያበላ ይነግሣል፣ ሙሽሪት ያለ ድግስ ትዳራለች። ጅቡም ወደ ሰው ደጅ የሚመጣው ማበጠሪያ ሊዋስ፣ ወይም ከተጣላው ጎረቤቱ ጋር እንዲያስታርቁት፣ ወይም ደክሞት ቁርበት እንዲያነጥፉለት ነው። ተረቱ ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ» ትልና ዝም ትላለች፤ «አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን ቀጣይ እኔ ለብዙ ዓመት ከነመኖሩም አላውቅም ነበር። ጎህ ሲቀድም ታቆማለች፤ ተረት ፀሐይ አይየው ትላለች። እስከዚያ ኮሶው ቦታውን ይይዛል።

እኔም ሳላውቀው ጅብ የማይበላ እንስሳ መስሎኝ አደግሁ። ጅቡቲ ተወልጄ ጅብ የት አይቼ!

ጉዴ የፈላው አንድ እሑድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከቅዳሴ በኋላ እኛ ልጆቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጥላ ሥር ተሰብስበን ተራ በተራ ተረት ስናወራ የእኔ ተራ ደረሰ። ደረቴን ነፍቼ ማበጠሪያ ሊዋስ የመጣውን ጅብ ጀመርኩላቸው። መጀመሪያ ተያዩ፤ ቀጥሎ ማርታ የምትባል፣ ከእኔ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ልጅ፣ «ቆይ፣ ጅቡ መቼ ነው የሚበላቸው?» አለችኝ።

«ጅብ አይበላም» አልኳት።

ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ። ማርታ እንባዋን እየጠረገች፣ «እሷ ምን ታድርግ፣ የኮሶ ሻጭ ልጅ! ኮሶ ቤት ያደገ ጅብ ምን አፍ ኖሮት ይበላል!» አለች። ከዚያ ሁሉም እየተቀባበሉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ! የኮሶ ሻጭ ልጅ!» አሉኝ።

የማርታ እናት ከሁለት ሳምንት በፊት በእኛ በርጩማ ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን እጄ ውስጥ አስገብታ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብናገር ማርታ የምትገባበት ይጠፋት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ ምክንያቱም የእቴቴ ቤት የመጀመሪያ ሕግ የጠጣ ሰው ስም ከበሩ አይወጣም የሚል ነበር። ያንን መዋጤ ዛሬ ያኮራኛል። ያኔ ግን ከኮሶ የመረረ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

እያለቀስኩ ገብቼ የሆነውን ስነግራት እቴቴ ሙቀጫዋን እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ሰድበውሽ ሞተዋል! ‹የኮሶ ሻጭ ልጅ› ተብሎ የተሰደበ ሰው እኮ ነግሦ አገር ገዝቷል። ሰዳቢዎቹን ማን ስማቸውን ያውቃል?»

«ጅቡስ? ለምን ዋሸሽኝ? ጅብ እኮ ይበላል!»

«ይበላል» አለችኝ። «እኔ ቤት ግን አይበላም። ለምን እንደማይበላ ሲገባሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ይህ ማጽናኛ አልሆነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን ስትቆነጥጠኝ ብነሳም፣ «የላም በረት» የምለው በግድ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ሆነ። አክስቴን አፈርኩባት። እውነቱን ለመናገር ያንን ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር አብረን ስንሄድ ሁለት እርምጃ ከኋላዋ እቀር ነበር። አስተውላለች፤ ግን አልተናገረችኝም። ትምህርት ቤት ግን እውነተኛዎቹን ተረቶች፣ ማለትም ሁሉም የሚበላባቸውን፣ አንድ በአንድ ለቅሜ ያዝኩ።

በዓመቱ፣ በዚያ የሐምሌ እሳት፣ ዘነበች መጣች። ዘነበች ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳርቻ ካሉት ቪላዎች በአንዱ እያደረች የምትሠራ ወጣት ነበረች፤ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ደግሞ እሷን ተስፋ አድርጋ አገር ቤት ተቀምጣለች። ሰውነቷ አልቆ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፋርማሲ የገዛችውን ክኒን ውጣ አልተሻላትም። ኮሶም ከአንዲት ጓደኛዋ አግኝታ በሠራተኛ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም አስመልሷታል።

«እትዬ አስካለ፣ ማዳም ተሰላችታብኛለች» አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች። «ደረጃ ላይ ዞሮብኝ ስቀመጥ አየችኝ። ‹እስከ ወሩ መጨረሻ ካልበረታሽ ሌላ ሴት አመጣለሁ› ብላኛለች። አርብ ብቻ ነው የምታስወጣኝ። እባክዎን፣ የእርስዎ አይመለስም ይላሉ።»

እቴቴ አንጓዋን ጨበጠች፣ የዓይኗን ሽፋን ገለጠች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ኮሶው የተረፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። በደጋው ዝናብ መንገዱ ተቆርጦ መኪና ከቀረ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ መቼ እንደሚመጣም ሾፌሮቹ ራሳቸው አያውቁም። «አንቺ ደግሞ ደክመሻል፤ ቀነስ አድርጌ እሰጥሻለሁ» አለቻት። «አሁን ብትመልሺው ግን ሌላ የለኝም። አርብ ነይ።»

ከዚያ ሐሙስ በፊት ሦስት ቀን ካምሲን ነፈሰ። ያንን ንፋስ የማያውቅ ሰው እድለኛ ነው፤ ከበረሃ ተነስቶ አሸዋውን በየቀዳዳው እየነዛ፣ ጥርስ ሥር እየተንቀጫቀጨ፣ መብራቱንም አጥፍቶ ነው የሚያልፈው። እቴቴ ገላዋን በእርጥብ አንሶላ ጠቅልላ ስትስል ሰነበተች። አርብ ማለዳ እግሬ ሲቆነጠጥ ነቃሁ፤ «ተነሺ» የሚል ድምፅ ግን አልሰማሁም። ልብ አላልኩትም። ወጣሁና እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ዘነበች ዋንጫውን ተቀብላ አማተበች። ከዚያ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች፤ የጉሮሮዋን ድምፅ እኔም ሰማሁት። ባዶው ዋንጫ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ተረት ተረት» እስኪባል ጠበቅኩ፤ የመጣው ግን የበር ማጠፊያ ሲጮኽ የመሰለ ሲጥታ ነበር። ደግማ ሞከረች፤ ሳል አንቆ ያዛት። ዞር ስል እቴቴ ጉሮሮዋን ይዛ፣ ዘነበች ደግሞ አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ በፋኖሱ ብርሃን ዓይኗ ፈጦ አየሁ። ላቡ ከጆሮ ግንዷ እየወረደ ነው። ቆርቆሮው በንፋሱ ይንኳኳል። እቴቴ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። አልለመነችኝም፣ አላዘዘችኝም፤ ከቦታዋ ተነስታ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳልዋሽ ለመናገር ከፍርሃቱ ጋር አንድ ክፉ ደስታም ነበረብኝ። አሁን እውነተኛ ተረት ምን እንደሆነ አሳያታለሁ አልኩ በልቤ። «ተረት ተረት» አልኩ። እቴቴ ከኋላዬ የአጥሩን ጣውላ በጣቷ አንጓ ሁለቴ መታ መታ አደረገች፤ «የላም በረት» ማለቷ ነው።

«ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጅብ ነበር። ይህ ጅብ በጣም ርቦት በአንድ መንደር ሲያልፍ፣ የታረደ በሬ ሥጋ፣ ስብ ስቡ...»

ዘነበች ትከሻዋ ዘለለ። ጉሮሮዋ ወደ ላይ ተጎተተ፣ ጉንጮቿ ተነፉ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንዲት ቃል ብጨምር ያ የመጨረሻው ኮሶ፣ የሀራሙሱ ሥራ፣ አገር ቤት የተቀመጠችው እናት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ሊፈስ ነው። ጅቡ ለምን እንደማይበላ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እቴቴ ጅብን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ፊቷ ለተቀመጠው ሰው ስትል፣ በየማለዳው፣ የጅቡን ጥርስ አንድ በአንድ ስትነቅል ኖራለች። እኔም አፈርኩባት! ያንን ሳስብ ጆሮዬ ጋለ።

«...ይሸተዋል ብለው ሰዎች ያወራሉ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ውሸታቸውን ነው። ጅቡ የመጣው ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።»

የዘነበች ዓይን እኔ ላይ ቆመ። ምን ፈልጎ እንደመጣ እኔም አላውቅም ነበር። ማበጠሪያውን፣ እርቁን፣ ቁርበቱን ሁሉ እቴቴ ወስዳዋለች። ፊቴ የተቀመጠችውን ሴት አየሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን የምትወጣ፣ እሱንም ኮሶ ለመጠጣት ያዋለችው ሴት።

«ጅቡ ደክሞት ነበር» አልኩ። «ጅብ መሆን ደክሞት። ሁሌ ማነከስ፣ ሁሌ መጮኽ፣ ሁሌ መፈራት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ጅብ ሳይሆን መዋል አማረው። ታዲያ ጅብነቱን የት ያስቀምጠው? የትም ጥሎት ቢሄድ ሌላ ያነሳዋል። የሚይዝለት ሰው ሊፈልግ በየደጁ ዞረ። ውሻን ‹ያዝልኝ› ቢለው፣ ‹የአንተን ከያዝኩ እኔ በማን ላይ ልጮህ ነው?› አለው። ድመትን ቢጠይቃት ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው። በመጨረሻ አህያ ቀና አለችና፣ ‹አምጣ እኔ ልያዝልህ፤ ሸክም ለምጃለሁ› አለችው።»

ከኋላዬ ጣውላው አንዴ ተመታ። ቀጥዪ ማለት ነው፤ ወይም እኔ እንደዚያ ተረዳሁት።

ቀጠልኩ። ጅቡ ማነከሱን አወለቀና በአህያዋ እግር ላይ አኖረው፤ ጩኸቱን በጉሮሮዋ፣ መፈራቱን በጀርባዋ ላይ ጫነ። ቀልሎት፣ ቀጥ ብሎ እየተራመደ፣ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ወረደ። ልጆች ሰላም አሉት። ከቴምር ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ። አንድ አዛውንት መጥተው «ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» ቢሉት፣ «ዛሬ ምንም» አላቸው። ይህን «ዛሬ ምንም» የሚለውን ቃል ስናገር የዘነበች ትከሻ ወረደ። እጇን ከአፏ አነሳች። ስለዚህ ጅቡን ብዙ ጊዜ ጋደም አደረግሁት፤ በቀኝ ጎኑ፣ በግራ ጎኑ፤ ንፋሱ ደግሞ ካምሲን ሳይሆን ከባሕር የሚመጣው ቀዝቀዝ ያለው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሰልቺ ተረት ነው። ያን ማለዳ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኮሶውን አንድ ጣት ወደ ታች ሲያወርደው በዓይኔ የማየው መሰለኝ።

«አህያዋስ?» አልኩ ከዚያ። «አህያዋ ያን ቀን መንገድ ስትሄድ ሁሉም ሸሻት። ሊጭናት የመጣው ጌታዋም ጭነቱን ጥሎ ሮጠ። ጀርባዋ ባዶ ሆኖ ዋለ፤ ከተወለደች ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ሲመሽ ጅቡ መጣ። ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን መልሺልኝ› አላት። አህያዋም...»

«እንዳትመልስለት!» አለች ዘነበች።

ሁላችንም ደነገጥን። እቴቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ከተፍ አለች፤ ዘነበችም አፏን በመዳፏ ከደነች። ጠበቅን። ምንም አልተመለሰም። ኮሶው ቦታውን ይዞ ነበር። ሰማዩ ከአጥሩ በላይ ነጣ ማለት ጀምሯል፤ እቴቴ ተጎንብሳ ፋኖሱን እፍ ብላ አጠፋችው። እኔም «ተረቴን መልሱ» አልኩና ዝም አልኩ። አህያዋ ትመልስለት አትመልስለት እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ረፋዱ ላይ ኮሶው ሥራውን ሠራ። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ራሷ ካላየች አታምንም ነበር፤ ራሱ ካልወጣ ትሉ መልሶ ያድጋል። አይታ ስትመለስ በዚያ በተዘጋ ድምጿ «ከነራሱ» አለች። ዘነበች ጥላው ውስጥ ተዘርግታ ከት ብላ ሳቀች፤ አሁን መሳቅ ተፈቅዶላታል። ወሩ ሳያልቅ ጉንጯ ሞላ፤ እዚያው ሀራሙስ ብዙ ዓመት ሠራች። ለበዓል ማዳምን አስፈቅዳ መጥታ ቤተ ክርስቲያን ባገኘችኝ ቁጥር ትስመኝና ጆሮዬ ሥር፣ «እንዳትመልስለት፣ እሺ?» ትለኝ ነበር። ማርታ «ምንሽ ናት?» ብላ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም። ስም ከበራችን አይወጣም። ግን ከዚያ ወዲያ ከእቴቴ ጋር ስሄድ ከኋላ መቅረቴን ተውኩ፤ እንዲያውም እጇን ይዤ ነበር የምሄደው፣ «ምን ነካሽ፣ ሙቀት ነው፣ ልቀቂኝ» እስክትለኝ።

እሷ ግን ስለዚያ ማለዳ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ድምጿ ሲመለስም አልተናገረችም። እኔም ጅቡ ለምን እንደማይበላ እንደገባኝ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ ገብቷት እንደሆነ ፊቷ ላይ ለማንበብ ብሞክር የእቴቴ ፊት አይነበብም። «ጎበዝ» እንድትለኝ ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅኩ፤ ከዚያ መጠበቁን ተውኩት።

ዛሬ ኮሶ የሚጠጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔም ልጆቼ ሆዳቸውን ሲያማቸው ሐኪም ዘንድ ነው የምወስዳቸው፤ ኮሶ ከልኩ ካለፈ ዓይንን ሁሉ እንደሚጎዳ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ አንጓ ጨብጣ ትለካ የነበረችውን ሴት አስቤ በጥንቃቄዋ ኮራሁ። የሙያው አብዛኛው ክፍል ከእሷ ጋር ተቀብሯል። እኔ ጋ የቀረው ሌላው ነው። የታመመ ልጠይቅ ስሄድ፣ ያዘነ ላጽናና ስቀመጥ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ይህ ሰው አሁን የትኛውን ቃል መሸከም አይችልም ብዬ አየዋለሁ። ሰዎች «አነጋገር ታውቂያለሽ» ይሉኛል። ከየት እንደተማርኩት ብነግራቸው አያምኑኝም።

በዚያው ዓመት መንገዱ ተጠግኖ መኪኖቹ ሲመጡ አባቴ ከፔካ 12 አንድ ትልቅ ጥቅል ይዞ ገባ። በማግስቱ አርብ እግሬ ተቆነጠጠ። ስወጣ ግቢው ውስጥ እንግዳ አልነበረም፤ ፋኖሱ፣ ፍሙና ዋንጫው ብቻ። እቴቴ ለራሷ ነበር የበጠበጠችው። እሷ ስትጠጣ የሚተርትላት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ብቻዋን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትይዘው፤ እኔንም ቀስቅሳኝ አታውቅም። ያን ማለዳ ግን ዋንጫውን ይዛ በርጩማዋን ጎተተችና፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ያ የማይበገር ፊቷ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ሆና አየኋት። አፏን ከመግጠሟ በፊት አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«ጀምሪ።»

ከዚያ ወዲህ የምስክር ወረቀትም ተቀብያለሁ፣ ሰው ፊት ቆሜም ተጨብጭቦልኛል። እቴቴ አስካለ ግን ኮሶ ጠጥታ ፊቴ ተቀምጣለች፤ ያንን የሚያህል ሹመት የሰጠኝ የለም።